68 ድምፅ፦ አፈ ጉባኤ ሜሊሳ ሆርትማን ምን ይሠሩ ነበር?

ጁን 9 ቀን 2025 ነው (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው የሚኒሶታ ዋና ከተማ ሴንት ፖል። የስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት በአንድ ረቂቅ ሕግ ላይ ድምፅ እየሰጠ ነው። ረቂቁ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው አዋቂዎች ሚኒሶታኬር ከሚባለው የጤና መድን እንዲወጡ የሚያደርግ ነው። ውጤቱ 68 ለ65 ሆነ። ከደገፉት ውስጥ 67ቱ ሪፐብሊካን ናቸው። የቀረችው አንድ ድምፅ ከዴሞክራቶች ወገን መጣች። የሰጡት ደግሞ መሪያቸው ራሳቸው ነበሩ፤ ሜሊሳ ሆርትማን።

ከዚያ በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ሲቀርቡ እንባቸውን መያዝ አልቻሉም። ከአምስት ቀን በኋላ ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ።

ስለ ግድያው ብዙ ተብሏል። ስለ ሥራቸው ግን፣ በተለይ በእኛ ቋንቋ፣ ብዙም አልተባለም። አንድ መሪ የማይወደውን ሕግ በገዛ ድምፁ ለምን ያሳልፋል? መልሱን ለማግኘት የስቴት ምክር ቤት መሪ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሜሪካ የምንኖር ሐበሾች የዋሽንግተኑን ፖለቲካ ከሞላ ጎደል እንከታተላለን። ፕሬዝዳንቱ ትናንት ምን እንዳሉ የማያውቅ የለም። የምንኖርበት ስቴት አፈ ጉባኤ ማን ነው ቢባል ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። የሚገርመው፣ የዕለት ኑሯችንን የሚነካው አብዛኛው ሕግ የሚወጣው እዚያ ነው። መንጃ ፈቃድ ማን ያገኛል? ልጆቻችን ትምህርት ቤት ምሳ በነፃ ይበላሉ? የሕፃናት መዋያ ለመክፈት ምን ይጠየቃል? አከራይ ተከራዩን እንዴት ነው ማስወጣት የሚችለው? የወለደች እናት ደመወዝ እየተከፈላት ስንት ሳምንት ታርፋለች? ኢሚግሬሽን የፌዴራሉ ነው። ከላይ የዘረዘርኩት ግን በአብዛኛው የስቴቱ ነው።

የሚኒሶታ ሕግ አውጪ ሁለት ቤት አለው። ሴኔቱ 67 አባላት፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 134 አባላት አሉት። ተወካዮቹ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ። ደመወዛቸው ከ2023 ጀምሮ በዓመት 51,750 ዶላር ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ሌላ ሥራም ይሠራሉ። ምክር ቤቱ ዓመቱን ሙሉ አይሰበሰብም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሊሰበሰብ የሚችለው ቢበዛ 120 የሥራ ቀን ነው። መደበኛው ስብሰባ በሜይ ወር ሦስተኛው ሳምንት ገደማ የግድ መዘጋት አለበት። ሜይ ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰበሰቡት ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ቁጥር ያዙልኝ። 68። የስቴቱ ሕገ መንግሥት አንድ ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት እንዲያልፍ ከጠቅላላው አባላት ከግማሽ በላይ ድምፅ ይጠይቃል። የ134 ግማሽ 67 ነው። ስለዚህ 68 ያስፈልጋል። አዳራሹ ውስጥ 100 ሰው ብቻ ቢኖርም 68 ነው። የታመመ፣ የቀረ፣ ልጁን ሊያደርስ የሄደ ሁሉ እንደ ተቃወመ ይቆጠራል። የሆርትማን የመሪነት ዘመን በሙሉ ይህንን ቁጥር ለመሙላት የተደረገ ሩጫ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆርትማን የተወለዱት በ1970 ሲሆን ያደጉት ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ባሉት መንደሮች ነው። ቤተሰባቸው የመኪና መለዋወጫ ይነግድ ነበር። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ ሕግ ደግሞ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አጠኑ። በጠበቃነታቸው በቤት ኪራይ መድልዎ ለተበደለ ሰው ተሟግተው አሸንፈዋል። ለምክር ቤት ሲወዳደሩ ግን መጀመሪያ አልቀናቸውም። ሁለት ጊዜ ተሸነፉ። በ2004 ለሦስተኛ ጊዜ ሞከሩና አሸነፉ። የተመረጡበት ወረዳ ብሩክሊን ፓርክን ያካትታል። ከተማዋ ከምዕራብም ከምሥራቅም አፍሪካ የመጡ ብዙ ሰዎች የሚኖሩባት ናት።

ሁለቱ ሽንፈቶች ተራ ነገር አይመስሉኝም። የከተማ ዳር ወረዳ ሕዝብ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ይመርጣል። እዚያ የሚወዳደር ሰው በየበሩ እየሄደ ማንኳኳት፣ የማይስማማውን ሰው ማዳመጥ ይማራል። ኋላ ላይ ፓርቲያቸው ድምፅ የለቀመው ከእንደዚህ ዓይነት ወረዳዎች ነው።

መሪ የሆኑት በ2017 ነው። ያኔ ፓርቲያቸው ዲ ኤፍ ኤል አናሳ ነበር። ዲ ኤፍ ኤል ማለት የሚኒሶታ ዴሞክራቶች መጠሪያ ነው፤ ዴሞክራቲክ፣ የገበሬዎችና የሠራተኞች ፓርቲ እንደ ማለት። በ1944 ሁለት ፓርቲዎች ተዋሕደው የመሠረቱት ነው።

የአናሳ ቡድን መሪ ሕግ ማሳለፍ አይችልም። መናገር፣ መጠየቅ፣ ማዘግየት ግን ይችላል። በዚያው ዓመት በኤፕሪል በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ቅጣት ስለሚያከብድ ረቂቅ ክርክር ነበር። ነጭ ያልሆኑ ሴት ተወካዮች እየተነሡ ሲናገሩ፣ ብዙ ወንድ አባላት አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ሆርትማን አባላት ሁሉ እንዲገቡ የሚያስገድደውን ደንብ ጠቀሱ። ከዚያ፣ በስተጀርባ ባለው ክፍል የነጭ ወንዶች ብቻ የካርታ ጨዋታ ስላቋረጡ አዝናለሁ አሉ። አዳራሹ ተናደደ። ይቅርታ ጠይቂ ተባሉ። አልጠይቅም አሉ። የሴቶቹ ንግግር ችላ ሲባል ማየት ሰልችቶኛል ብለው በአቋማቸው ጸኑ። ንግግሩ በመላው አገሪቱ ተሰማ።

የመሪ ትልቁ ሥራ ግን ማይክሮፎን ፊት አይደለም። የፓርቲ መሪ ዕጩ ይመለምላል። ገንዘብ ያሰባስባል። የትኛው ወረዳ ሊገኝ እንደሚችል ያጠናል። በ2018 ምርጫ ዲ ኤፍ ኤል ከ57 መቀመጫ ወደ 75 ዘለለ። 18 አዲስ መቀመጫ ማለት ነው። በጃንዋሪ 2019 ሆርትማን አፈ ጉባኤ ሆኑ። በስቴቱ ታሪክ ይህን ወንበር የያዙ ሦስተኛዋ ሴት ናቸው።

አፈ ጉባኤ ሲባል ብዙዎቻችን መዶሻ ይዞ “ሥነ ሥርዓት!” የሚል ሰው ነው የሚታየን። የስቴት አፈ ጉባኤ ሥልጣን ከዚህ በጣም ይሰፋል። የቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢዎችን የሚሾሙት እሳቸው ናቸው። ረቂቅ ሲቀርብ ወደ የትኛው ኮሚቴ እንደሚመራ ይወስናሉ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። አይደለም። ረቂቁን የማይወድ ሰብሳቢ ዘንድ የተላከ ረቂቅ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ማንም “ውድቅ ሆነ” ሳይል ይሞታል። ማኅበረሰባችን አንድ ሕግ እንዲወጣ ሲጠይቅ የወረዳውን ተወካይ ብቻ ይዞ የሚሮጠው ነገር አንዳንዴ የማይሳካው ለዚህ ነው። ተወካዩ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። በሩን የሚከፍተው ግን ሰብሳቢው ነው፤ ሰብሳቢውን የሚሾሙት ደግሞ አፈ ጉባኤዋ።

ከዚያ ቆጠራው ይመጣል። የከተማው ተወካይ አንድ ነገር ይፈልጋል። የገጠሩ ሌላ ይፈልጋል። የከተማ ዳሩ ደግሞ በሚቀጥለው ምርጫ እንዳይሸነፍ ይፈራል። ሁሉም በአንድ ፓርቲ ስም ነው የተመረጡት። አፈ ጉባኤዋ እያንዳንዳቸውን ማወቅ አለባቸው። ማን አዎ ይላል? ማን ያመነታል? ምን ቢስተካከል ይመጣል? ድምፁ ሳይሞላ ረቂቅ ወደ አዳራሽ ማውጣት ትልቅ ስሕተት ነው።

የ2023ቱ ስብሰባ የዚህ ሥራ ውጤት በደንብ የታየበት ነው። ዲ ኤፍ ኤል ሁለቱንም ቤትና የገዥውን ወንበር ይዞ ነበር። ግን ብልጫው ቀጭን ነው። በተወካዮች ምክር ቤት 70 ለ64። በሴኔት ደግሞ 34 ለ33። አንድ ሴናተር ቢያፈነግጥ ሁሉ ነገር ይቆማል። በሌላ በኩል ስቴቱ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ ነበረው።

በዚያ ዓመት ያለፈው ብዙ ነው። የመኖሪያ ወረቀት ሳይጠየቅ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ተቻለ። ቁርስና ምሳ ለተማሪ ሁሉ ነፃ ሆነ። ልጅ ላላቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ለአንድ ልጅ እስከ 1,750 ዶላር የሚመለስ የታክስ ድጋፍ ተፈቀደ። ለወሊድና ለሕመም ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት፣ ከ2026 መጀመሪያ እንዲሠራ ሆኖ ጸደቀ። የመብራት ኩባንያዎች በ2040 ሙሉ በሙሉ ከካርቦን ነፃ ኃይል እንዲያቀርቡ ተወሰነ። ሆርትማን በፀሐይ ኃይል ሕጎች ላይ ለዓመታት ሲደክሙ ስለነበር፣ ይህ የመጨረሻው ለልባቸው ቅርብ ነበር። ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ሚኒሶታኬር እንዲገቡ የተፈቀደውም ያኔ ነው። ይህንን አስታውሱት፤ እመለስበታለሁ።

የመንጃ ፈቃዱ ሕግ ለዓመታት ሲቀርብና ሲወድቅ ኖሯል። በ2023 ያለፈው ክርክሩ አዲስ ስለሆነ አይደለም። ድምፁ ስለሞላ ነው።

የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች ጉዳይ ደግሞ የእኛን ሰው በቀጥታ ነክቷል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ከሚነዱት ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ብዙ ናቸው። ሐበሻውም፣ ሶማሌውም አለ። ክፍያው እየወረደ ሄደ። ሾፌሩ ያለ በቂ ምክንያት ከመተግበሪያው ይታገዳል፤ የሚያናግረው ሰው የለም። በ2023 ምክር ቤቱ አነስተኛ ክፍያ የሚወስን ሕግ አሳለፈ። ገዥው ቲም ዋልዝ ግን አልፈርምም ብለው መለሱት። በገዥነት ዘመናቸው አንድን ሕግ ሲመልሱ የመጀመሪያቸው ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት በራሱ ተነሥቶ በማይል 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም፣ በደቂቃ 51 ሳንቲም ወሰነ። ኩባንያዎቹ ከተማውን ለቀን እንወጣለን አሉ። ጭንቀት ሆነ። ሾፌሩ እንጀራውን፣ መኪና የሌለው ተሳፋሪ ደግሞ መጓጓዣውን ሊያጣ ነው። ረቂቁን በፊት መስመር የያዙት ሴናተር ኦማር ፋቴህና ተወካይ ሆዳን ሐሰን ነበሩ። አፈ ጉባኤዋ ደግሞ ከገዥው፣ ከሴኔቱ መሪዎችና ከከተማው ሰዎች ጋር የሚያስማማ ቁጥር ፍለጋ ተቀመጡ። በሜይ 2024፣ ስብሰባው ሊዘጋ ሲል ስምምነት ተገኘ። በመላው ስቴቱ በማይል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም። የከተማው ተመን ቀረ። የታገደ ሾፌር ይግባኝ የሚልበት መንገድም ተቀመጠ። ኩባንያዎቹ አልሄዱም።

ሾፌሮቹ የፈለጉትን ሁሉ አላገኙም። ከ51 ወደ 31 ሳንቲም መውረድ ሌሊቱን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ትንሽ ልዩነት አይደለም። ግን ከዚያ በፊት በሕግ የተጻፈ ምንም አልነበራቸውም። የ31 ሳንቲሟን ሕግ ያመጣው ሾፌሮቹ ክረምት ከበጋ ወደ ምክር ቤቱ መመላለሳቸው ነው። እሷን ወደ 68 ያደረሰው ደግሞ ድርድሩ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም ነበር።

በኖቬምበር 2024 ምርጫ ውጤቱ 67 ለ67 ሆነ። ማንም 68 የለውም። ከዚያ ደግሞ ዳኛ አንድ የዲ ኤፍ ኤል ተመራጭ በወረዳው አልኖረም ብለው ከመቀመጫው አስወጡት። ሪፐብሊካኖቹ ለጊዜው 67 ለ66 መሩ። በዚች ብልጫ አፈ ጉባኤ መርጠን ምክር ቤቱን እንቆጣጠራለን አሉ።

ሆርትማን ያደረጉት ነገር አከራካሪ ነው። ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 ምክር ቤቱ ሲከፈት የዲ ኤፍ ኤል አባላት በሙሉ ቀሩ። ክርክሩ ስለ ምልዓተ ጉባኤ ነበር። ስብሰባ ለመጀመር ስንት ሰው ይበቃል? ሪፐብሊካኖቹ 67 ይበቃል አሉ። ዲ ኤፍ ኤሎቹ 68 ነው አሉ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ወር 68 ነው ብሎ ወሰነ። ደመወዝ እየተከፈላቸው ከሥራ ቀሩ ተብለው ብዙ ተወቅሰዋል። ወቀሳው ይገባኛል። ቢገቡ ኖሮ ግን በአንዲት ጊዜያዊ መቀመጫ ሰበብ፣ ግማሹን ሕዝብ የወከሉ ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ከውሳኔ ይገለሉ ነበር።

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ተስማሙ። የሪፐብሊካኖቹ መሪ ሊሳ ዴሙት አፈ ጉባኤ ይሁኑ። በስቴቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፈ ጉባኤ ናቸው። በማርች በተደረገው የማሟያ ምርጫ ቁጥሩ ወደ 67 ለ67 ሲመለስ ደግሞ ኮሚቴዎቹን ሁለቱ ፓርቲዎች በጋራ ይምሩ ተባለ። ሆርትማን ስድስት ዓመት የያዙትን ወንበር ለተቀናቃኛቸው ለቀቁ። በምትኩ ፓርቲያቸው በየኮሚቴው እኩል ድርሻ አገኘ። ለራስ ወንበር ቅድሚያ የሚሰጥ ሰው ይህንን አይስማማም።

ይህ ሁሉ ወደ ጁን 9 ያመጣናል። ስቴቱ የሁለት ዓመት በጀት ማጽደቅ ነበረበት፤ በሜይ ስላላለቀ ልዩ ስብሰባ ተጠራ። እስከ ጁላይ 1 ካልጸደቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። በ67 ለ67 ምክር ቤት ውስጥ አንዱ ወገን ብቻውን በጀት ማውጣት አይችልም። ገዥው ዋልዝ፣ የሴኔቱ መሪ ኤሪን መርፊ፣ ዴሙትና ሆርትማን ለሳምንታት ተደራደሩ። ሪፐብሊካኖቹ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አሉ። ወረቀት የሌላቸው አዋቂዎች ከሚኒሶታኬር ይውጡ። ሕፃናቱ እንዲቀሩ ተስማሙ፤ አዋቂዎቹ ግን ከዓመቱ መጨረሻ ጀምሮ ይወጣሉ።

ስምምነቱ በሜይ 15 ለጋዜጠኞች ሲነገር ከበሩ ውጭ ጩኸት ነበር። በሩን የሚደበድቡት የራሳቸው የሆርትማን ፓርቲ አባላት ናቸው። ቁጣቸው እውነተኛ ነበር። በዚያ ሕግ መድን የሚያጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ስኳር ያለባቸው፣ ኩላሊት የሚያጥቡ፣ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ቆመው የሚውሉ። እኔም ሕጉን አልደግፈውም። ሰው ሲታመም ወረቀት አይጠየቅም።

ግን የድርድሩን አሠራር ተመልከቱ። አራት ሰዎች ተፈራርመዋል። ሪፐብሊካኖቹ 67 ድምፅ አላቸው። አንድ ይጎድላል። ከዲ ኤፍ ኤል አንድ ሰው መስጠት አለበት። ያ ሰው በራሱ ወገን ይረገማል። በቀጣዩ ምርጫ ሊቀጣ ይችላል። መሪ ያንን ሸክም ለአንድ ተራ አባል ማሸከም ይችላል። ወይም ሊክድና በጀቱ ሊፈርስ ይችላል። ሆርትማን ሸክሙን ራሳቸው ተሸከሙት። 65ቱ ባልደረቦቻቸው ሕዝባቸው ፊት “ተቃውሜያለሁ” ብለው እንዲቆሙ ሆነ። እሳቸው ብቻቸውን አረንጓዴውን የድጋፍ ቁልፍ ተጫኑ። አባላቱ ለሕጉ ያላቸውን ጥላቻ ሆርትማን ያውቃሉ። እሳቸውም ጠልተውታል። እንባው ከዚያ ነው የመጣው።

ሪፐብሊካኖቹም ያዩት ይህንን ነው። ይህች ሴት ቃል ከሰጠች አታጥፍም። ተቀናቃኝህ ቃልህን ካላመነ ነገ ምንም አትደራደርም። በተለይ 67 ለ67 በሆነ ቤት።

ጁን 14 ሌሊት የፖሊስ ልብስ የለበሰ ታጣቂ ሻምፕሊን ውስጥ ሴናተር ጆን ሆፍማንንና ባለቤታቸውን በጥይት መታ። እነሱ ተረፉ። ከዚያ ብሩክሊን ፓርክ ሄዶ ሜሊሳ ሆርትማንንና ባለቤታቸውን ማርክን ገደለ። ሁለት ልጆች እናትና አባታቸውን በአንድ ሌሊት አጡ። በመጀመሪያ ምርጫቸው በር እያንኳኩ የዞሩባት ከተማ ናት ብሩክሊን ፓርክ። ነገሩ ባሰብኩት ቁጥር ልቤን ይሰብረዋል።

ጁን 27 አስከሬናቸው በምክር ቤቱ ሕንፃ አዳራሽ ተቀመጠ። ማርክ ከጎናቸው፣ ውሻቸው ጊልበርትም አብሯቸው። በዚያ ሕንፃ እንዲህ ያለ ክብር ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሕዝቡ ተሰልፎ ተሰናበታቸው። ሪፐብሊካኑም፣ ዴሞክራቱም፣ ስማቸውን ከዚያ በፊት ሰምቶ የማያውቀውም ነበረበት።

በሴፕቴምበር 16 በወረዳቸው የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ኤክስፒ ሊ የሚባሉ የዲ ኤፍ ኤል ዕጩ አሸነፉ። ምክር ቤቱ እንደገና 67 ለ67 ሆነ። አንድ ሕግ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ድምፅ ያው 68 ነው።